የኪራይ አባት

ጋሽ ይርዳው በቀን አራት ሴት ልጅ ይድራል። በጥር፣ ሠርግ እንደ አሸን በሚፈላበት ወር፣ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ከነዚህ ሁሉ አንዷም የሱ ልጅ አይደለችም።

የሚሠራው ደብረ ብርሃን ዳር፣ ድሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሱፉ ከጠፋ ቆይቷል፤ ብርዱ ግን እንዳለ ነው። ጠዋት ሲገባ ፊቱን በአልኮል ይጠርጉለትና ከግንባሩ እስከ ጉሮሮው ድረስ ካሜራው የፊቱን እንቅስቃሴ የሚቀዳባቸው ጥቃቅን ነጥቦች በሙጫ ይለጥፉለታል። በከንፈሩ ዙሪያ ያሉት ይበዛሉ። ምሳውንም ከነነጥቦቹ ነው የሚበላው፤ ሙጫው ከወጡ ጋር ይቀላቀልና ምግቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ጣዕም ይይዛል። የመጀመሪያው ሰሞን ያቅለሸልሸው ነበር። በኋላ ለመደው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፤ የሚያስጠላውም እሱ ነው።

ጨዋታው «ሰባት ቤት» ይባላል። በዚያ ዘመን ሰዉ የዕድሜውን እኩሌታ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው፤ ቤት ይሠራል፣ ከብት ያረባል፣ ከጎረቤት ጋር በድንበር ይጣላል፣ ያገባል። አባቱ የሞተበት ወይም ከአባቱ ጋር የተቆራረጠ ሰው ደግሞ ለሠርጉ አባት ይከራያል። የአባቶቹ ፊት በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ይርዳው ሽበቱ ያማረ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሲቆጣ እንኳ የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያሳዝን ፊት ያለው ሰው ስለሆነ ተፈላጊ ነው።

ሥርዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ይገባሉ። የሚመራቸው የሥራ ባልደረባው ጋሽ ድልነሳው ነው፤ እሱም ነጥብ ተለጥፎበት በከዘራ ተደግፎ ይቆማል። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። ይርዳው የማን ወገን እንደሆኑ ይጠይቃል፤ ዘር ይቆጠራል። ከዚያ ይርዳው ጥቂት ዝም ብሎ፣ የታች ከንፈሩን በምላሱ አርሶ፣ «ተቀመጡ» ይላል። በዚህች በአንዲት ቃል ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እልልታው ይቀልጣል።

ድልነሳውን አንድ ነገር አጥብቆ ያናድደው ነበር። በጨዋታው ውስጥ አባትየው ከወንበሩ አይነሳም፤ ከተነሳ ምስሉ ይበላሻል ተብሏል። «እንግዳ ሲገባ ‹ኖር!› ተብሎ የማይነሱበት ቤት የምን ቤት ነው?» ይላል ድልነሳው ነጥቦቹን እያከከ። «እኛ ልጆች ሳለን እንኳን ሽማግሌ ጎረምሳም ቢገባ ከመቀመጫችን ብድግ እንል ነበር። ገቢውም ‹በእግዜር› ይላል። ይኼው አሁን ሽማግሌ እንደ ግንድ ቆሞ፣ አባት እንደ ጆንያ ተቀምጦ!» ድልነሳው ይናገር እንጂ የሚሰማው የለም። «ኖር» የምትባለዋን ቃል አዳራሹ ውስጥ ከነሱ ዕድሜ በታች የሚያውቃት ሰው ስላልነበረ ማንም አልቀዳትም።

ይርዳው የራሱ አንዲት ልጅ አለችው። ትርሲት ትባላለች፤ ኬፕታውን ውስጥ የባሕር ውሃ እያጣራ ለከተማ የሚያጠጣ ድርጅት መሐንዲስ ናት። ከሰባት ዓመት በፊት ደውላ ራኬብ ከምትባል ሴት ጋር እንደምትኖርና ልታገባት እንደምትፈልግ ነገረችው። ይርዳው አልሰደበም፣ አልረገመም። ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ስልኩ ተዘጋ፤ ማን ቀድሞ እንደዘጋው እስከ ዛሬ አልተለየም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የሰው ልጅ እየዳረ ወደ ባዶ ቤቱ ይገባል።

በዐቢይ ጾም ማለቂያ ላይ ስልኩ ጠራ።

«አባዬ» አለች።

ይርዳው ግድግዳውን ያዘ።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ፊትህን ሳየው ሌላ ሰው መስሎኝ ተመልሼ ተመልሼ አየሁህ። ‹እሱን እከራያለሁ፤ ስሜን ሲሰማ እንቢ ካለም እንቢ ይበለኝ› ብዬ ነው የገባሁት።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አንተ ግን ‹ተቀመጡ› አልክ። ራኬብ እስከ ዛሬ እያለቀሰች ነው። ለፋሲካ ሰሞን መጥቼ ላይህ ነው። ነይ አትበለኝ፣ ግን አትምጪም አትበለኝ።»

ይርዳው ምን እንደምታወራ አልገባውም ነበር። ቢሆንም ሰባት ዓመት ያልሰማውን ድምፅ አቋርጦ «ስለ ምንድነው የምታወሪው?» ማለት አልሆነለትም። «እሺ» አለ። «እሺ ልጄ፣ ነይ።»

የሠርጉን ምስል ላከችለት።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ አየው። ራሱን አየ፤ ጋቢውን ለብሶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ድልነሳው በከዘራው ተደግፏል። ከድልነሳው ጀርባ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዷ ትርሲት ናት፣ ጸጉሯን ተቆርጣለች፣ ከስታለች። ወንበር ላይ ያለው ይርዳው የታች ከንፈሩን በምላሱ አራሰና «ትርሲት ልጄ፣ ራኬብ ልጄ፣ ዘግይቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ተቀመጡ» አለ።

ይርዳው ይህን አላለም። የዚያን ዕለት ያየው፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ፣ አንድ ሙሽራና አንዲት ሙሽሪት ነው፤ የሰማውም ስም የሌላ ሰው ነበር፤ አሁን ረስቶታል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይሄ ግን ከአፉ ሳይወጣ አፋፍ የደረሰ ነገር ነው። ከንፈሩን ማርጠቡን እንኳ አልተዉለትም። እናቱ በልጅነቱ «ተው፣ እንደ እባብ አትላስ» ስትለው የኖረችውን ያቺን ልማዱን ሳይቀር ወስደው ሠርተውበታል።

ደጋግሞ አየው። ቀፈፈው፤ መጀመሪያ ላይም መቅፈፉ ከየት እንደሚነሳ የሚያውቅ መሰለው። የሁለት ሴቶች ጋብቻ ይቀፈዋል፤ ያደገበት አገርና ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ አሳድጎታል፣ ሰባት ዓመትም ያንን ይዞ ኖሯል። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ያኛው የሚያሳስበው ነገር ነበር። ይኼኛው ሬሳ ውስጥ እጁን የከተተ ያህል ነው የሆነበት።

በማግስቱ ነጥብ ሳይለጠፍበት በቀጥታ ወደ ሶልያና ቢሮ ወጣ። ሶልያና የአገር ውስጥ ገበያ ኃላፊ ናት፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ከአፏ ክፉ ቃል የማይወጣ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ይቀመጡ።»

«ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።»

ሶልያና ፈገግ አለች። ጨዋታ መሰላት። ይርዳው ምስሉን ከፍቶ ጠረጴዛዋ ላይ አደረገው። አይታ ስትጨርስም ፈገግታዋ አልጠፋም።

«በጣም የተሳካ ነው» አለች። «ምን ችግር አዩበት ጋሼ?»

«ይኼን እኔ አላልኩም።»

«አዎ፣ እርስዎ አላሉም። እርስዎ ‹ተቀመጡ› ብለዋል፤ የቀረው የእኛ ነው። ፈርመዋልኮ።» ወንበሯን ሳብ አደረገች። ልጅን ፊደል የምታስቆጥር ይመስል በእርጋታ አስረዳችው። «ከባሕር ማዶ ያሉት ባለአክሲዮኖች የሴትና የሴት፣ የወንድና የወንድ ጋብቻ ከሌለበት ገንዘባችንን እናወጣለን አሉ። እዚህና ብዙ ሌላ አገር ደግሞ አለበት ከተባለ ጨዋታውን እንዘጋለን ተባልን። ለስላሳ መጠጥ የሚያስተዋውቁብን ሰዎች የሁለቱንም ወገን ጩኸት ይፈራሉ። ሦስት ዓመት ስንደበደብ ኖርን ጋሼ፤ ከዚህ ስንሸሽ ከዚያ። በመጨረሻ ሁሉም ማየት የሚፈልገውን እንዲያይ አደረግን። እዚያ ያሉት ሁለቱን ሴቶች ያያሉ። እርስዎና እዚህ ያለው ተመልካች ወንድና ሴት ታያላችሁ። የተከፋ የለም።»

«አንቺስ?» አለ ይርዳው። «አንቺ ራስሽ የቱ ይሻላል ትያለሽ? ልክ ነው ነው የምትይው ወይስ ነውር ነው?»

ሶልያና እንዲህ ተጠይቃ አታውቅም ነበር።

«እኛ አቋም የለንም» አለች። «አቋም ውድ ነው ጋሼ።»

በልጅነቱ አያቱ በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው ቤት እህል አትቅመስ ይሉት ነበር። የነዚህን እህል ስንት ዓመት በላ!

እሷ ግን የበረደ መሰላት። ደስ ልታሰኘው ፈልጋ፣ «እንዲያውም የሚኮሩበት ነገር ላሳይዎት» አለችና ግድግዳውን አበራች። «ሦስተኛ ቅጂ አለ። ብዙ አገር ከሁሉ በላይ የሚታየው እሱ ነው። የእርስዎ ደግሞ አንደኛ ወጥቷል።»

ግድግዳው ላይ ይርዳው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱ ሴቶች ፊቱ ቆመዋል። የታች ከንፈሩን አራሰ። «ከዛሬ ጀምሮ አባት የለሽም» አለ፣ በዚያው ወፍራም ድምፅ። «ደጄን እንዳትረግጪ። ዘርሽ አይለምልም። ውጪ!» ከበስተኋላ ሰዎች ያጨበጭባሉ። ትርሲት ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች፤ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል፤ አንዴ ቀና ብላ አየችውና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ይኼ...» አለ ይርዳው። «ይኼ እንባ ከየት መጣ?»

«የእውነት ነው» አለች ሶልያና በኩራት። «ለቅሶ ስንሠራ ያስታውቅብናል፤ ተመልካች የተሠራ እንባ አይወድም። ይህቺ ልጅ ሲመርቋት አለቀሰች አይደል? ያንኑ እንባ ነው የወሰድነው። የደስታና የሐዘን እንባ ድምፁ ከተቀነሰ ማንም አይለየውም።»

ይርዳው ለመውጣት ዞረ፤ በሩን ግን አልደረሰም። ጥግ ላይ በነበረው የአበባ ማስቀመጫ ላይ ጎንበስ ብሎ ቁርሱን መለሰው። ሶልያና ሮጣ ውሃ አመጣችለት፤ ከልቧ ደንግጣ ነበር። አፉን በእጅጌው ሲጠርግ ቆይቶ «ልጄ ናት» አላት።

«ማን?»

«ትርሲት። የወለድኳት ልጄ ናት። የእኔ። ለፋሲካ ሰሞን ልታየኝ ትመጣለች።»

ሶልያና አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ይርዳውም ለአፍታ ሰው አገኘሁ አለ። እጇን ከአፏ ላይ ስታነሳ ግን የተናገረችው ይህን ነው፦ «ጋሼ፣ ልጅዎ ልትመጣ ነው አሉኝ አይደል? እባክዎ ያን ቀን ነጥቦቹን ይልበሱልን። እውነተኛ እርቅ ነው! ለሁለቱም ወገን ይሆናል። ቢታረቁም ባይታረቁም።»

ይርዳው ጀርባውን ሰጣት። በደረጃው ወርዶ፣ አዳራሹን አቋርጦ፣ ወደ ፀሐይ ወጣ። ድልነሳው ከነነጥቦቹ ተከትሎት ወጣ፤ ነገሩን ሁሉ ሰማ፤ ከዘራውን መሬት ላይ እያሽከረከረ ብዙ አሰበ።

«ዝም በል» አለው በመጨረሻ።

«ምን?»

«ዝም በል ነው የምልህ። ልጅህ ታረቀችህ አይደለም እንዴ? አንተ ሰባት ዓመት ያልደፈርከውን እነሱ በአንድ ቀን አደረጉልህ። እንዴት አድርገውም ይሁን። ብትነግራት ታጣታለህ፤ ደግማም አትመጣም። ውሸቱ ምን ጎዳህ?»

ክፋት አልነበረውም። ድልነሳው ሁለት ልጆች ቀብሯል፤ በሕይወት ያለች ልጅ ማጣት ለሱ እብደት ነው። ይርዳውም ይኼ ስለገባው አልተቆጣም።

«ስታቅፈኝ ማንን ነው የምታቅፈው?» አለ ብቻ። «በሁለት ቢላ የሚበሉት እነሱ ናቸው። እኔ ሦስተኛ ቢላ ልሁንላቸው?»

ቤቱ ገብቶ አፉን በልብስ ሳሙና አጠበ። ከንፈሩ እስኪቆስል ፈተገው። «ተቀመጡ» ብሎ ለመናገር ሞከረ፤ ቃሉ የሙጫ ጣዕም ነበረው። ወደ ሥራው አልተመለሰም። አዳራሹ ግን በሱ መቅረት አልተዘጋም፤ ድምፁም መልኩም እዚያው አለ፣ በማግስቱም ልጅ ሲድር ዋለ።

ትርሲት በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ መጣች። ብቻዋን ናት፤ ራኬብ ከተማ ሆቴል ውስጥ ቀርታለች፣ «መጀመሪያ አንቺ እይው» ብላት። ይርዳው ምስር ወጥ ሠርቶ፣ ጠረጴዛውን አሰናድቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ጉልበቱ ስለሚያመው በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶታል። ገባች። ሻንጣዋን አኖረች። ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ሽበቱን ሳመችው። እሱ እጁን አነሳ፤ ጀርባዋ ላይ ግን አላሳረፈውም።

«ቆይ» አለ። «ሳትቀመጪ ስሚኝ።»

ነገራት። ያየውን ወንድና ሴት፣ ያላለውን ምርቃት፣ እሷ መሆኗን ሳያውቅ «ተቀመጡ» ማለቱን። እርግማኑንም ነገራት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብሎ። እንባዋን ምን እንዳደረጉትም መጨረሻ ላይ ነገራት።

ትርሲት የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ነበር። ቀስ ብላ ለቀቀችው። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ እጇን በሱሪዋ ላይ ደጋግማ ትጠርጋለች፣ የቆሸሸ ነገር እንደነካች ሁሉ።

«ቤታችን ሰቅለነዋል» አለች። «መኝታ ቤት፣ ግድግዳው ላይ። ማታ ማታ ‹ተቀመጡ› ስትል እንሰማለን። ራኬብ እኮ አባት የላትም። ‹አባባ› ነው የምትልህ።»

ይርዳው ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አደረገ።

«እሺ። እሱ አንተ አይደለህም» አለች። «አንተስ?»

ዝም አለ። የሰባት ዓመቱ ዝምታ ሊመለስ ሲል ታወቀው።

«አልቀመጥም» አለች ትርሲት። «ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም። ሽማግሌ ልኬ ነበር፤ የላክሁት ሽማግሌም የተከራየሁት አባትም የውሸት ሆነ። እንግዲህ ራሴ ቆሜያለሁ። እንቢ በለኝ ወይ ተቀመጪ በለኝ። ካንተ አፍ ይሁን ብቻ።»

ይርዳው አፉን ከፈተ። በቀን አራት ጊዜ የሚላት ቃል ነበረች፤ ለማያውቃቸው ሰዎች፣ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ። አሁን ምላሱ ላይ ሙጫው መጣ። ቢላት የነሱ ቃል ናት፤ ግድግዳ ላይ ያለው ሰውዬ ከሱ አሳምሮ ብሏታል። «እንቢ» ማለቱም የነሱ ነው፤ እሱንም ከሱ አሳምረው ሸጠውታል። አዎም እንቢም ወስደውበት፣ ለራሱ አንዲት ያልተላሰች ቃል እንዳላስቀሩለት አወቀ። ልጁ ቆማለች። ጫማዋ የአስፋልት አቧራ ይዟል። ከሩቅ መንገድ መጥታ እንግዳ ሆና በገዛ ቤቷ ቆማለች፤ እሱ ደግሞ እንደ ጆንያ ተቀምጧል።

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ጉልበቱ ቀጨጭ አለ። ተነሳ።

«ኖር» አለ።

ትርሲት አየችው። ቃሏን ከልጅነቷ፣ ከአያቷ ቤት ታውቃታለች፤ ለሷ ግን ማንም ብሏት አያውቅም።

«በእግዜር» አለች በቀጭን ድምፅ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፎ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አየችና «ቁጭ በል አባዬ፤ ጉልበትህን ያምሃል» አለችው።

ይርዳው ራሱን ነቀነቀ።

«የምልሽን ገና አላውቀውም» አለ። «አንቺ ሳትቀመጪ ግን አልቀመጥም።»